ሐኪሙ «ጂን» ሲል ጂኒ ማለቱ አይደለም

እህቴ፣ የባሕረ ሰላጤውን ዓረብኛ የተማርሽው በጆሮሽ ነው። «ጂቢ» ሲሉሽ አምጪ፣ «ሩሂ» ሲሉሽ ሂጂ ማለታቸው መሆኑን ደብተር ይዞ ያስተማረሽ የለም። በጆሮ የተማሩት ቋንቋ ቶሎ ያግባባል። አልፎ አልፎ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ለጆሮ አንድ ይሆናሉ። ዛሬ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ጥንድ ልጽፍልሽ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ሕፃን ይጎዳልና።

ማዳም ከሆስፒታል ተመልሳ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሽ እንበል። አንቺ ሽንኩርት እየከተፍሽ ነው። ሴት ልጇ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ቀድሞ «ማማ» ትል የነበረችው ልጅ ዝም ብላለች፤ ማንኪያ ትይዝ የነበረችው መያዝ ትታለች፤ እጆቿን እንደሚታጠብ ሰው ሳታቋርጥ ታሻሻለች። ማዳም እያለቀሰች «ፊ ሙሽኪላ ፊል ጂን» ትላለች። ለጆሮሽ «ጂኒ አለባት» ያለች ይመስልሻል። ከዚያች ማታ ጀምሮ ልጅቷን ስታጥቢ እጅሽ ይሸሻል፣ ክፍሏ ውስጥ ብቻሽን መቆየት ትፈሪያለሽ፣ ለጓደኛሽም «ይሄ ቤት ደህና አይደለም» ብለሽ ድምፅ ትልኪያለሽ።

ማዳም ያለችው ሌላ ነው። በዓረብኛ መንፈሱ «ጅን» ነው፤ አጭር ሆኖ መጨረሻው ላይ «ን» ይጠብቃል። ሐኪሙ የሚለው «ጂን» ግን ሳብ ተደርጎ ይነገራል፣ «ን» ይላላል፤ ሲበዛም «ጂናት» ይሆናል። የመጀመሪያው ጥንታዊ የዓረብኛ ቃል ነው። ሰዉ ሲናደድ የሚሳደብበት «መጅኑን» የሚወጣው ከእሱ ነው። ሁለተኛው ከአውሮፓ የገባ መጤ ነው፤ በ1909 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ዊልሄልም ዮሃንሰን የተባለ የዴንማርክ የእጽዋት ተመራማሪ ያወጣው ስም ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ይቀራረባሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። እኛ «ጂን» የሚለውን «ዘረመል» እንለዋለን። ከእናትና ከአባት የምናገኘው፣ እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ውስጥ የተቀመጠ የአሠራር መመሪያ ነው። በመመሪያው ላይ አንድ ፊደል ሲበላሽ ሴሉ መሥራት ያለበትን ነገር ሳይሠራ ይቀራል፤ ወይም አበላሽቶ ይሠራል።

ታዲያ ሐኪሞቹ የጂን ነገር መሆኑን በምን አወቁ? «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይባላል በአገራችን። እዚህ ላይ ግን ለሰው የመሰከረችው ራሷ አይጧ ናት።

እጃቸውን የሚያሻሹት ልጆች

ከላይ የገለጽኩልሽ የልጅቷ ሁኔታ ሬት ሲንድረም ይባላል፤ በዓረብኛ «ሙተላዚመት ሬት»። ከ10,000 ሴት ልጆች አንዷን ገደማ የሚያገኝ ነው። ልጅቷ ጤነኛ መስላ ትወለዳለች፣ ትስቃለች፣ ትድሃለች። ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ግን እድገቷ ይቆምና የያዘችውን መልቀቅ ትጀምራለች። ቋንቋዋ ይጠፋል፣ እጆቿ ሥራ ያቆማሉ፣ አካሄዷ ይዛባል፣ አተነፋፈሷ ይቆራረጣል። ብዙዎቹን መንዘፍዘፍ ይይዛቸዋል። ለዓመታት የያዝሻት ልጅ ዓይንሽ እያየ ወደ ኋላ ስትመለስ ሰው «መንፈስ ገባባት» ቢል አይገርምም።

ስሙ የመጣው ከአንድሪያስ ሬት ነው። ይህ የቪየና ሐኪም በ1954 በመጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ ሴት ልጆች ተመሳሳይ የእጅ ማሻሸት ሲያደርጉ አየ። በ1966 በጀርመንኛ ጻፈው፤ ብዙ አንባቢ ግን አላገኘም። በ1983 ቤንግት ሀግበርግ የተባለው የስዊድን ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ስለ 35 እንዲህ ያሉ ልጆች ሲጽፍ ነው ዓለም የሰማው።

በዚያው ዓመት በአሜሪካዋ ሂውስተን ከተማ አንዲት ወጣት ሐኪም የመጀመሪያዋን የሬት ሕመምተኛ አየች። ስሟ ሁዳ ዙግቢ ነው። የቤይሩት ልጅ ናት። በ1975 የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና እየተማረች ነበር። ጦርነቱ ከአገሯ አስወጣትና ትምህርቷን አሜሪካ ጨረሰች። የዓረብ ጋዜጦች ስሟን በኩራት ይጽፉታል፤ ማዳም ሰምታ ይሆናል። ዙግቢ የዚያችን ልጅ እጆች ካየች በኋላ መንስኤውን መፈለግ ጀመረች። ብዙዎች የዘረመል ነገር መሆኑን አያምኑም ነበር፤ ምክንያቱም በሽታው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚደገመው ከስንት አንዴ ነው። እሷ ግን አልተወችውም። በ1999 ሩቲ አሚር የተባለች የላቦራቶሪዋ ተመራማሪ የተበላሸውን ጂን አገኘችው። 16 ዓመት ወስዷል። የጂኑ መጠሪያ ሜክፒ 2 ነው።

እዚህ ላይ እናትን ለሚወቅስ ሁሉ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ይህ ብልሽት በአብዛኛው ከእናት የሚወረስ አይደለም። ልጅቷ ስትፀነስ አዲስ የሚፈጠር ነው፤ ሲመረመርም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከአባት በመጣው ዘር ላይ ነው። ያም አባትየው ባደረገው ነገር የመጣ አይደለም። ሴል ሲባዛ መመሪያውን በሚገለብጥበት ጊዜ የሚፈጠር የፊደል ግድፈት ነው። «እርጉዝ ሆና ምን ነክታ ይሆን?» የሚለው የኩሽና ሹክሹክታ እዚህ ላይ መቆም አለበት።

ነገር ግን በታመሙ ልጆች ላይ የተበላሸ ጂን መገኘቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሌባ በተያዘበት ሰፈር የተገኘ ሁሉ ሌባ አይደለም። በእርግጥ ጥፋተኛው እሱ መሆኑን ለማወቅ ከጤነኛ ፍጡር ላይ ያንን አንድ ጂን አጥፍቶ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ይህን በሰው ልጅ ላይ ማድረግ ወንጀል ነው። ስለዚህ ወደ አይጥ ተኬደ። አይጥ የምታረግዘው ለ20 ቀን ገደማ ነው፤ ግልገሏ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ለመውለድ ይደርሳል። ከእኛ ጂኖች የአብዛኞቹ አቻ እሷ ላይ ይገኛል። ሜክፒ 2ም አለ።

በ2001 በስኮትላንድ ኤድንበራ ኤድሪያን በርድ ከባልደረቦቹ ጋር፣ በአሜሪካም ሌላ ቡድን፣ ይህ ጂን የሌላቸው አይጦች እንዲወለዱ አደረጉ። ግልገሎቹ ጤነኛ ሆነው ተወለዱ፣ ጠቡ፣ ሮጡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን አካሄዳቸው ተንገዳገደ፣ አተነፋፈሳቸው ተዛባ፣ ወንዶቹም ቶሎ ሞቱ። በ2002 ደግሞ የዙግቢ ቡድን ጂኑ ከፊሉ የተቆረጠባቸው አይጦችን አሳየ። እነዚህ የፊት እግሮቻቸውን ደጋግመው እርስ በርስ ያነካኩ ነበር። ሬት በቪየና ያየው የልጆቹ እጅ፣ በአይጥ እግር ላይ።

ይህን ነገር ስታስቢው ቆም በይ። እነዚህን አይጦች ማንም አልረገማቸውም። ቡዳ አላያቸውም። እናታቸው ቀትር ላይ ወንዝ አልወረደችም፣ ሌሊት የፈላ ውኃ ደጅ አልደፋችም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጸሎትሽን፣ ጠበልሽን ወይም ዱዓሽን ተዪ የሚልሽ እዚህ የለም። ልጅቷን ግን አትፍሪያት።

የ2007ቱ ሙከራ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። የበርድ ቡድን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ በሽታው ከጸና በኋላ ጂኑ ቢመለስ ምን ይሆናል? ብዙዎች «አንጎል አንዴ ካለፈው አለፈው» ይሉ ነበር። ተመራማሪዎቹ ጂኑ ያላቸው፣ ግን የተቀረቀረባቸው አይጦችን አዘጋጁ። ቁልፉ ታሞክሲፈን ነበር፤ በጡት ካንሰር ሕክምና የሚታወቀው መድኃኒት። አይጦቹ ታመው፣ አንዳንዶቹ ለሞት ቀርበው ሳሉ ቁልፉን ከፈቱ።

ጂኑ በአንድ ጊዜ በተከፈተ ጊዜ ከአይጦቹ ብዙዎቹ ሞቱ። ቀስ እያሉ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ሲከፍቱት ግን የሚንገዳገዱት ቀጥ ብለው ሄዱ፣ አተነፋፈሳቸው ተስተካከለ፣ መሞት በነበረባቸው ጊዜ ሳይሞቱ ኖሩ። ይህ በየካቲት 2007 ሲታተም የወላጆች ማኅበራት ያለቀሱት በምክንያት ነው። በሬት ሲንድረም የነርቭ ሴሎች እንደማይሞቱ፣ እንደሚያንሱና እንደሚደክሙ ብቻ ከአስከሬን ምርመራ ይታወቅ ነበር። አይጦቹ ደግሞ የደከመው ሴል ሊነሳ እንደሚችል አሳዩ።

ዛሬ ማታ ልጅቷን በምታበይበት ሰዓት ይህ ምን ይጠቅምሻል? አንደኛ፣ ዝም ማለቷ ውስጧ ባዶ መሆኑን አያሳይም። ሬት ያለባቸው ልጆች መናገር ባይችሉም በዓይናቸው ያወራሉ። የሚፈልጉትን ነገር ትኩር ብለው ያያሉ፤ በዓይን እንቅስቃሴ የሚሠራ ኮምፒውተር ተሰጥቷቸው የሚያወሩም አሉ። እርጎና ሙዝ ይዘሽ ሁለቱንም አሳያትና ዓይኗ የሚያርፍበትን ስጫት። ጊዜ ስጫት፤ መልሷ ይዘገያል። ሁለተኛ፣ እጇን በግድ ይዘሽ ማሻሸቱን አታስቁሚ። ልማድ ወይም ግትርነት አይደለም።

ከአይጧ እስከ ልጅቷ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። በአይጥ ላይ የተደረገውን ቁልፍ የመክፈት ዘዴ ሰው ላይ ማድረግ አይቻልም፤ ቁልፉ የተሠራው አይጧ ከመፀነሷ በፊት ነው። ሰው ላይ አዲስ ጂን ከውጭ ማስገባት ያስፈልጋል። እዚህ ላይም አይጦች አስቀድመው አስጠንቅቀዋል። በ2004 የዙግቢ ቡድን ይህ ጂን እጥፍ የሆነባቸውን አይጦች ሲያይ እነሱም ታመዋል። በቀጣዩ ዓመት የቤልጅየም ሐኪሞች በትክክል እንዲህ ጂኑ የተደገመባቸው ወንዶች ልጆችን አገኙ፤ እነሱም ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረባቸው። ጨው ያነሰው ወጥ አይጥምም፣ ጨው የበዛበትም አይበላም። አሁን በሰው ላይ እየተሞከረ ያለው የጂን ሕክምና ትልቁ ጭንቀት ይኸው ልክ ነው።

እስካሁን የተገኘው በመጋቢት 2023 አሜሪካ የፈቀደችው ትሮፊኔታይድ የተባለ የሚጠጣ መድኃኒት ነው። ለሬት የተፈቀደ የመጀመሪያው ነው። አንዳንዶቹን ልጆች በመጠኑ ይረዳል እንጂ አያድንም። ተቅማጥ በብዛት ያስከትላል፤ በምትሠሪበት ቤት ልጅቷ ይህን ከጀመረች ዳይፐር መቀየሩ የአንቺ ሥራ ነውና ተቅማጡ ሲበረታ ለማዳም ቶሎ ንገሪ።

አይጧ ያልቻለችው

ዓረቦች ያለፈቃዱ መሞከሪያ የተደረገን ሰው «ፈእር ተጃሪብ» ይሉታል፣ የሙከራ አይጥ። ማዳም ከስልኳ ላይ «በአይጥ ላይ ተሞክሮ ሠርቷል» የሚል ዜና አንብባ ፊቷ ሲበራ ብታዪ ደስታዋን ተካፈዪ፣ ግን ዳውን ሲንድረም ላይ የሆነውን ማወቅሽ አይከፋም።

ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ 21ኛው ክሮሞሶም ከሁለት ፋንታ ሦስት እንደሚሆንበት ከ1959 ጀምሮ ይታወቃል። በአይጥ ላይ ግን የዚህ ክሮሞሶም ጂኖች በሦስት የተለያዩ ክሮሞሶሞች ላይ ተበታትነው ነው ያሉት። ሜሪላንድ ሳይሆን ሜይን በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ በጃክሰን ላቦራቶሪ፣ ሚዩሪየል ዴቪሰን የተባለች ተመራማሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ቅርብ የሆነች አይጥ አስገኘች። ሙሉ አቻ አይደለችም። ከሚፈለጉት ጂኖች ግማሽ ገደማውን ትርፍ አድርጋ ትይዛለች፤ ከዳውን ሲንድረም ጋር የማይገናኙ ሌሎችንም ጂኖች አብራ ትይዛለች። ቢሆንም ዓለም ለዓመታት የሠራው በእሷ ላይ ነው።

አይጥ ማሰቧን እንዴት ይለኩታል ካልሽ፣ ከመለኪያዎቹ አንዱ ሪቻርድ ሞሪስ የተባለው ተመራማሪ በ1981 ስኮትላንድ ውስጥ ያወጣው የውኃ ገንዳ ነው። ክብ ገንዳ ውስጥ ታች እንዳይታይ የደፈረሰ ውኃ ይሞላል፤ ከውኃው ሥር አንዲት መቆሚያ ትደበቃለች። ጤነኛ አይጥ ግድግዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች እያየች በጥቂት ቀናት ውስጥ መቆሚያዋ የት እንዳለች ታስታውሳለች። የዴቪሰን አይጥ ግን ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከዚያ መድኃኒት ይሰጧታል፤ መቆሚያዋን ቶሎ ስታገኝ «ሠራ» ይባላል።

ብዙ መድኃኒት እንዲህ «ሠርቷል»። ብራዚል ተወልዶ አሜሪካ የሚሠራው አልቤርቶ ኮስታ የተባለ ሐኪም፣ የራሱ ልጅ ዳውን ሲንድረም ያለባት፣ ሜማንቲን የተባለው መድኃኒት የእነዚህን አይጦች ትውስታ ሲያሻሽል አየ። ወደ ሰው ወሰደው። በ2022 የወጣው የትልቁ ሙከራ ውጤት ግን መድኃኒቱን በወሰዱትና የማስመሰያ እንክብል በወሰዱት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ሮሽ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያም ባስሚሳኒል የተባለውን መድኃኒት በወጣቶችና በጎልማሶች ላይ ሞክሮ ስላልጠቀመ በ2016 አቁሟል።

ለምን? አይጥ አትናገርም፣ ትምህርት ቤት አትሄድም፣ ጓደኛ አታኮርፍም። መቆሚያ ማግኘት እና በአውቶቡስ ብቻ ሄዶ ሥራ መግባት አንድ አይደሉም። በሬት ሲንድረም አንድ ጂን ነው የተበላሸው፤ በዳውን ሲንድረም ከ200 በላይ ጂኖች በአንድ ጊዜ ይበዛሉ። በእኔ አስተያየት አይጥ «በሽታው ከምን መጣ?» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ምስክር ናት፤ «ምን ይሻለዋል?» ሲሏት ግን ብዙ ጊዜ አሳስታለች።

ይልቅ ዳውን ሲንድረም ላላቸው ሰዎች ዕድሜ የሰጣቸው ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ በ1983 አማካይ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ 60 ገደማ ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና ተስፋፋ፣ ልጆቹን ተቋም ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ ቀረ፣ ቤታቸው ሆነው መማር ጀመሩ። ቤት ውስጥ ደግሞ ማን ነው ያለው? በዚህ አካባቢ ብዙውን ጊዜ አንቺ ነሽ። አዝራር እስኪቆልፍ የምትጠብቂው፣ አንዱን ቃል አሥር ጊዜ የምትደግሚለት። ይህን ሥራ በአይጥ አልሞከሩትም።

ስለ እንስሶቹም አንድ ቃል። «ለምን ያሰቃዩአቸዋል?» ብለሽ ከጠየቅሽ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ያወጡት ሕግ አለ፦ በሌላ መንገድ የሚቻል ከሆነ እንስሳ አትጠቀም፣ የግድ ከሆነ ቁጥራቸውን ቀንስ፣ ሥቃያቸውንም አቅልል። ብዙ አገሮች ሕጋቸውን በዚህ ላይ ሠርተዋል። ሥቃዩ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ወጥ ቤት ያገኘናትን አይጥ በሙጫ ወጥመድ የምንይዝ ሰዎች ላቦራቶሪውን ብቻ ብንኮንን ግን ሚዛኑ አይገጥምም።

ከበጉ ወደ ጨው

ከአይጥ ውጪ የመሰከሩም አሉ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባልበት አገር ልጅ ስለሆንሽ እንቅርትን ታውቂያለሽ። እንቅርት የሚያወጣው የአዮዲን እጥረት እናት እርጉዝ ሳለች ሲበረታ የፅንሱን አንጎል ይጎዳል። በ1966 በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች ለሴቶች አዮዲን ያለበት ዘይት በመርፌ መስጠት ተጀመረ፤ ከማርገዛቸው በፊት የተወጉት እናቶች ልጆች ከከባዱ ጉዳት እንደዳኑ ታየ። አዮዲን በፅንሱ አንጎል ላይ በትክክል ምን እንደሚሠራ የታየው ግን በበጎች ነው። ባሲል ሄትዘልና ባልደረቦቹ አውስትራሊያ ውስጥ ለእርጉዝ በጎች አዮዲን የሌለው መኖ ሰጡ፤ የግልገሎቹ አንጎል ክብደቱ ቀንሶ ተገኘ። በእርግዝናው መካከል አዮዲን ሲሰጣቸው ጉዳቱ ተሻለ።

ኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በ2011 በደንብ አስገድዳለች። ለእናትሽ ወይም ለታናሽ እህትሽ ገንዘብ ስትልኪ ይህን ጨምረሽ ንገሪ፦ በከረጢቱ ላይ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን ጨው ይግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡ። በተለይ እህትሽ ልትወልድ ካሰበች።

ማንኪያው በአንቺ እጅ ሲሆን

የመጨረሻው ጉዳይ በቀጥታ አንቺን ይነካል። በባሕረ ሰላጤው ሕፃን ሲወለድ ተረከዙን ወግተው ጥቂት ደም ይወስዳሉ። ከሚፈለጉት በሽታዎች አንዱ ፌኒልኬቶኑሪያ ነው፤ ባጭሩ ፒኬዩ ይሉታል። የዚህ ልጅ ሰውነት ፌኒልአላኒን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል መፍጨት አይችልም፤ ተጠራቅሞ አንጎሉን ይመርዛል። በ1934 የኖርዌይ ሐኪም አስብዮርን ፎሊንግ በሁለት እህትና ወንድም ልጆች ሽንት ላይ ነው ያገኘው። ከ1953 ጀምሮ በልዩ ምግብ እንደሚታከም ታወቀ። እዚህ ላይ አይጥ ዘግይታ ነው የደረሰችው፤ በ1990ዎቹ የተገኘች ፒኬዩ ያለባት አይጥ ላይ ተሞክሮ ለአዋቂዎች የሚሰጥ መርፌ በ2018 ጸድቋል። ለሕፃኑ ግን ዋናው መድኃኒት እስከ ዛሬ ምግቡ ነው።

ልጁ ጤነኛ ይመስላል። ይስቃል፣ ይሮጣል። እናቱ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ፣ ምስር አትስጪው ትልሻለች። አንቺ ደግሞ ልብሽ ርኅሩኅ ነው፤ «ምስኪን፣ በረሃብ ሊገድሉት ነው» ብለሽ ተደብቀሽ ከሳህንሽ ታጎርሺዋለሽ። ጉርሻ በእኛ ዘንድ ፍቅር ነው። ለዚህ ልጅ ግን አንጎሉን የሚጎዳ ነው፤ በአንድ ጊዜ አይታይም፣ ሲደጋገም ግን የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል። ስኳር የሌለባቸው ለስላሳ መጠጦችና ማስቲካዎች ውስጥ የሚገባው አስፓርቴም የተባለው ማጣፈጫም ያው ፌኒልአላኒን አለበት። ያለፍላጎትሽ አጉርሰሽው ከሆነም አትደብቂ፤ ለማዳም መንገርሽ ደሙን እንዲያስመረምሩ ይረዳል።

መንዘፍዘፍ የሚይዘው ልጅ ካለም ክብሪት አታጭሺለት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ ወይም ጣት አታስገቢ፣ እጅና እግሩን አትያዢ። በጎኑ አስተኚው፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጊ፣ ሰዓት እዪ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ።

እነዚህን ቃላት በጆሮሽ ያዢያቸው። «ሒምያ» ማለት ሐኪም ያዘዘው የምግብ ገደብ ነው። «ተሸኑጅ» መንዘፍዘፍ ነው። «ዊራሲ» የዘር ማለት ነው። «ኢዓቃ ዚህኒያ» የአእምሮ እድገት ውስንነት ነው፤ ኤምሬትስ ውስጥ ከ2017 ወዲህ በይፋ «አስሃብ አል-ሂመም» ይሏቸዋል፣ ብርቱ ፈቃድ ያላቸው እንደ ማለት። አዲስ ቤት ስትገቢ፣ ልጅ ካለ፣ በመጀመሪያው ቀን «ኢሽ መምኑዕ ያክል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ምን መብላት ተከልክሏል ማለት ነው። ለሴት ልጅ «ታክል» በይ። ማዳም የተከለከለውንና የተፈቀደውን በወረቀት ጽፋ ፍሪጅ ላይ እንድትለጥፍልሽ ለምኚያት፤ ጽሑፉ በዓረብኛ ብቻ ከሆነ ደግሞ አስፈቅደሽ ፎቶ አንሺና ማንበብ የሚችል ሰው እያንዳንዱን መስመር ይተርጉምልሽ።